ምስልና ድምፅ በአንድ ሰዓት፦ የቪዲዮ ፋይል ወደ ሙዚቃ ማቀናበሪያ ፕሮግራም የገባበት ታሪክ

ለፊልም ወይም ለቴሌቪዥን ሙዚቃ የሚደርስ ባለሙያ በአሁኑ ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው ከፊልሙ አዘጋጅ የተላከለትን የቪዲዮ ፋይል ሙዚቃውን በሚያቀናብርበት የኮምፒዩተር ፕሮግራም ውስጥ በመክፈት ነው። ፕሮ ቱልስ፣ ኩቤዝ፣ ሎጂክ፣ ዲጂታል ፐርፎርመርና ሪፐር የተባሉት የታወቁ ፕሮግራሞች ምስሉን ከሙዚቃው ጎን ለጎን የሚያሳይ ክፍል አላቸው። ይሁን እንጂ በዚህ ሥራ ላይ የተሰማሩ ሁሉ እንደሚያውቁት፣ በተራ የቪዲዮ ማጫወቻ ያለ አንዳች እንከን የሚታይ ፋይል ወደ ሙዚቃ ፕሮግራም ሲገባ አንዳንድ ጊዜ ጨርሶ አይከፈትም፤ አንዳንድ ጊዜም ድምፁ ብቻ ተሰምቶ ምስሉ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ከሁሉ የከፋው ግን ምስሉ እየታየ፣ ድምፁም እየተሰማ፣ ሁለቱ ቀስ በቀስ ሲለያዩ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ችግሮች ወዲያው ሲታወቁ ይህኛው የሚታወቀው ብዙ ከተሠራ በኋላ ነውና።

ይህ የሚደርስበት ሰው ነገሩን የአንድ ፕሮግራም ጉድለት ወይም የአንድ ኮምፒዩተር አቅም ማነስ አድርጎ ቢመለከተው አያስደንቅም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን ችግሩ ኮምፒዩተር ከመፈጠሩ በፊት የነበረ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የምሕንድስና ጥያቄ መሆኑን ማሳየት ነው። ምስልና ድምፅ አብረው እንዲሄዱ ሦስት ስምምነቶች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ ሁለቱም በአንድ ሰዓት መመራት አለባቸው። ሁለተኛ፣ እያንዳንዷ ቅጽበት ሁሉም ወገን በሚያውቀው ቁጥር መጠራት አለባት። ሦስተኛ፣ ምስሉ የተመዘገበበት አጻጻፍ በየትኛውም መሣሪያ ሊነበብ የሚችል መሆን አለበት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በባለሙያ ማኅበራትና በተፎካካሪ ኩባንያዎች ስምምነት እልባት አግኝተዋል። ሦስተኛው ግን በሙዚቃ ፕሮግራሞች ዘንድ ለ25 ዓመት ያህል በአመዛኙ በአንድ ኩባንያ ሥራ ላይ ተደግፎ ቆየ፤ የዚህም መዘዝ በ2016 በግልጽ ታየ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልን እናሳስባለን።

ሁለት ጥበባት፣ ሁለት ሰዓቶች

በ1894 መጨረሻ ወይም በ1895 መጀመሪያ፣ በአሜሪካ በኒው ጀርሲ ግዛት ዌስት ኦሬንጅ በሚገኘው የቶማስ ኤዲሰን የሥራ ቦታ፣ ዊልያም ዲክሰን የተባለው የኤዲሰን ረዳት በአንድ ትልቅ የድምፅ መቀበያ ቀንድ ፊት ቆሞ ቫዮሊን ሲጫወትና ሁለት ሰዎች ሲጨፍሩ ተቀረፀ። ምስሉ በፊልም፣ ድምፁ በሰም ቱቦ ላይ ተመዘገበ። ፊልሙ 17 ሰከንድ ያህል ብቻ የሚቆይ ቢሆንም በምስልና በድምፅ ጥምረት ታሪክ የመጀመሪያው እንደሆነ ይታመናል። ነገር ግን ሁለቱን በትክክል የሚያናብብ ዘዴ አልነበረም። ፊልሙና ቱቦው ተለያይተው ኖሩ፤ ተሰብሮ የነበረው ቱቦ በ1998 ተጠግኖ ድምፁ ከተቀዳ በኋላ፣ ዋልተር መርች የተባለው ስመ ጥር የፊልምና የድምፅ አርታዒ በ2000 ሁለቱን በኮምፒዩተር አገጣጠማቸው። የመጀመሪያው ድምፃዊ ፊልም ድምፅና ምስል ለመገናኘት ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀባቸው ማለት ነው።

ችግሩ ምን ነበር? የፊልም ማሽን የሚዞረው በራሱ ፍጥነት ነው፤ የድምፅ ማጫወቻውም እንዲሁ። ሁለት ሰዎች ሰዓታቸውን አስተካክለው ከተለያዩ በኋላ ዋል አደር ሲል ሰዓቶቹ እንደሚለያዩ ሁሉ፣ ሁለት ማሽኖችም እኩል ቢነሡ እኩል አይጨርሱም። መፍትሔው ሁለቱን በአንድ ሰዓት፣ ማለትም በአንድ ሞተር ማንቀሳቀስ ነበር። ዌስተርን ኤሌክትሪክና የቤል ላቦራቶሪዎች የሠሩት፣ የዋርነር ወንድማማቾች ኩባንያ በነሐሴ 6 ቀን 1926 «ዶን ሁዋን» በተባለው ፊልም ለሕዝብ ያሳየው ቫይታፎን የተባለው ዘዴ የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነው። ወርዱ 40 ሴንቲሜትር ያህል የሆነ ሸክላ በደቂቃ 33⅓ ጊዜ እየዞረ፣ ከፕሮጀክተሩ ጋር በአንድ ሞተር ይነዳ ነበር። አንዱ ሸክላ 11 ደቂቃ ያህል ይጫወታል፤ ይህም 1000 ጫማ ርዝመት ያለው አንድ ጥቅል ፊልም የሚቆይበት ጊዜ ነው። በሸክላው ላይ መርፌው የሚቀመጥበት ቦታ በቀስት ምልክት ይታይ ነበር፤ በፊልሙም ላይ መነሻ የሚሆን ፍሬም ተለይቶ ይታወቅ ነበር። ድምፅ ያለው ፊልም በደቂቃ 90 ጫማ፣ ማለትም በሰከንድ 24 ፍሬም እንዲሄድ የተወሰነውም በእነዚሁ ዓመታት ነው። ከዚያ በፊት የሲኒማ ማሽን ሠራተኛው ፍጥነቱን እንደ ፈቃዱ ቢለዋውጥ ዓይን ያን ያህል አይቆጣም ነበር፤ ጆሮ ግን የቃናውን መዋዠቅ ፈጽሞ አይታገሥም። ምስል ለመጀመሪያ ጊዜ የማይናወጥ ፍጥነት የተበጀለት ድምፅ ስላስገደደው ነው።

ይሁን እንጂ ሸክላው ደካማ ጎን ነበረው። ፊልሙ ቢበጠስና ጥቂት ፍሬሞች ቢቆረጡ፣ ሠራተኛው በቁጥር እኩል የሆነ ጥቁር ፊልም በቦታው ካልቀጠለ በቀር የቀረው ትዕይንት ሁሉ ከድምፁ ይለያያል። ለዚህም መድኃኒቱ ድምፁን በራሱ በፊልሙ ላይ ማሳረፍ ሆነ። በጀርመን ቮግት፣ ኤንግልና ማሶለ የተባሉ ሦስት ፈልሳፊዎች ትሪ-ኤርጎን የተሰኘውን ዘዴያቸውን በመስከረም 1922 በበርሊን ለሕዝብ አሳይተው ነበር፤ በአሜሪካም የፎክስ ኩባንያ ሙቪቶን የተባለውን ዘዴ በ1927 ሥራ ላይ አዋለ። በዚህ ዘዴ ድምፁ ከምስሉ አጠገብ በብርሃን ተጽፎ ያልፋል። ምስሉ በማሽኑ መስኮት ፊት እየቆመ እየተነሣ የሚሄድ ሲሆን ድምፁ ግን ሳይቆም መፍሰስ ስላለበት፣ የአንድ ፍሬም ድምፅ በፊልሙ ላይ 20 ፍሬም ያህል ቀድሞ ይጻፋል። የምስል መቆራረጥና የድምፅ አለመቆራረጥ ጠባይ ልዩነት ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በግልጽ የታወቀ ነው፤ ወደ ኮምፒዩተሩ ዘመን ስንደርስም ይኸው ልዩነት እንደገና ያጋጥመናል።

የሙዚቃ ደራሲው በሁለቱ መካከል

ፊልሙና ድምፁ አንድ ሰዓት ካገኙ በኋላ ሙዚቃውን የሚደርሰው ሰው ሌላ ችግር ገጠመው። ሙዚቃ የራሱ ጊዜ አለው፤ የሚቆጠረውም በምትና በመስፈሪያ እንጂ በፍሬም አይደለም። በሩ የሚዘጋበት፣ ጥይት የሚተኮስበት፣ ዓይኗ የሚያነባበት ቅጽበት ከየትኛው ምት ላይ እንደሚውል አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። የዋልት ዲዝኒ ባልደረቦች በ1928 «ስቲምቦት ዊሊ» ለተባለው የካርቱን ፊልም ሙዚቃ ሲቀርጹ፣ የኦርኬስትራው መሪ ተመልክቶ የሚመራበት የምት ምልክት በፊልሙ ላይ እንዲታይ አደረጉ። ቆይቶም ክሊክ የሚባለው ዘዴ ተስፋፋ። በፊልሙ የድምፅ መንገድ ላይ በእኩል ርቀት ቀዳዳ ይበሳል፤ ቀዳዳው ባለፈ ቁጥር በጆሮ ማዳመጫ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ተጫዋቾቹም ያንን እየሰሙ ይጫወታሉ።

ስሌቱ ቀላል ነው። በሰከንድ 24 ፍሬም ማለት በደቂቃ 1440 ፍሬም ስለሆነ፣ በየ12 ፍሬሙ አንድ ክሊክ ከተበሳ ፍጥነቱ በደቂቃ 120 ምት ይሆናል። የፊልም ሙዚቃ ደራሲዎች ፍጥነትን «ባለ 12 ፍሬም ክሊክ» እያሉ በፍሬም መጥራታቸው ከዚህ የመጣ ነው። ዛሬ የሙዚቃ ፕሮግራም አንድን ፍሬም ከአንድ ምት ጋር ለማገናኘት የሚሠራው ሒሳብ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ድሮ በመብሻና በሠንጠረዥ ይሠራ የነበረው አሁን በቅጽበት መሠራቱ ነው።

ለእያንዳንዷ ቅጽበት ስም ማውጣት

በ1935 ኤኤጌ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ማግኔቶፎን የተሰኘውን የቴፕ መቅረጫ በበርሊን ለሕዝብ አሳየ። የማግኔት ቴፕ ለድምፅ ጥራት ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ለማናበብ ግን ወደ ኋላ የመመለስ ያህል ሆነ። ፊልም በዳርና በዳሩ ያሉት ቀዳዳዎች በማሽኑ ጥርስ ስለሚያዙ ወደየትም አይሸሽም። ቀዳዳ የሌለው ቴፕ ግን ይንሸራተታል፣ ይለጠጣል፣ ይሸበሸባል። ስለዚህ ስቴፋን ኩደልስኪ በስዊዘርላንድ ከ1951 ጀምሮ በሠራው ናግራ በተባለው ተንቀሳቃሽ መቅረጫና በመሰሎቹ ላይ፣ ከካሜራው ፍጥነት ጋር የተያያዘ መሪ ምልክት ከድምፁ ጋር አብሮ መቀዳት ተጀመረ። ይህ ምልክት ፍጥነትን ይነግራል፤ «አሁን የት ነን?» ለሚለው ጥያቄ ግን መልስ የለውም።

ጥያቄው የባሰ የከበደው ምስልም ወደ ቴፕ በዞረ ጊዜ ነው። አምፔክስ የተባለው ኩባንያ በ1956 ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች የሚያገለግል የቪዲዮ ቴፕ መቅረጫ አወጣ። የፊልምን ቁራጭ ወደ ብርሃን አቅንቶ ምስሉን ማየት ይቻላል፤ የቪዲዮ ቴፕ ግን ለዓይን ቡናማ ክር ብቻ ነው። ፍሬሙ ካልታየ በቁጥር መጠራት አለበት። ኢኮ የተባለ የካሊፎርኒያ ኩባንያ በ1967 ለእያንዳንዱ ፍሬም ሰዓት፣ ደቂቃ፣ ሰከንድና የፍሬም ቁጥር የሚሰጥ ዘዴ አቀረበ። ሌሎች ኩባንያዎችም የየራሳቸውን ዘዴ ማውጣት ጀምረው ስለነበር፣ በ1916 የተቋቋመውና በ1950 ቴሌቪዥንን በስሙ የጨመረው የአሜሪካ የፊልምና የቴሌቪዥን መሐንዲሶች ማኅበር ጉዳዩን ተመልክቶ አንድ ወጥ ደረጃ አወጣ፤ የአውሮፓ ብሮድካስቲንግ ኅብረትም ተቀበለው። በማኅበሩ ምሕፃር «ሲምፕቲ» እየተባለ የሚጠራው የጊዜ ቁጥር የተወለደው በዚህ ሁኔታ ነው። ለአንድ ፍሬም 80 ቢት ይመደባል፤ ቁጥሩም በቴፕ ላይ እንደ ተራ ድምፅ ሊቀረጽ ይችላል። ደረጃው የአንድ ኩባንያ ንብረት ስላልሆነ ማንኛውም ፋብሪካ ሊያነበውና ሊጽፈው ቻለ።

ይሁን እንጂ በቁጥሩ ውስጥ አንድ መሰናክል ተሸሽጎ ነበር። አሜሪካ በታኅሣሥ 1953 የቀለም ቴሌቪዥንን ደረጃ ስታጸድቅ፣ ቀለሙን የሚሸከመው ሞገድ ከድምፁ ሞገድ ጋር እንዳይጋጭ ሲባል በሰከንድ 30 የነበረው የፍሬም ቁጥር ከሺህ አንድ እጅ ያህል ተቀንሶ 29.97 ሆነ። በ30 የሚቆጥር ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ከግድግዳ ሰዓት በ3.6 ሰከንድ ይለያል፤ ይህም 108 ፍሬም ነው። ልዩነቱን ለማቃናት በየደቂቃው መግቢያ ሁለት የፍሬም ቁጥሮች ይዘለላሉ፤ በየአሥረኛው ደቂቃ ግን አይዘለሉም። የሚዘለለው ቁጥሩ እንጂ ምስሉ አይደለም። ጳጉሜን በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ስድስት የምናደርገው የፀሐይን ዑደትና የእኛን ቆጠራ ለማስታረቅ እንደሆነ ሁሉ፣ ይህም የቴሌቪዥኑ ባሕረ ሐሳብ ነው ማለት ይቻላል። የዘመን ቆጠራ የሚለያዩ ሁለት ሰዎች በአንድ ቀን ቢቀጣጠሩ እንደማይገናኙ ሁሉ፣ ፕሮግራሙ በ30 ፋይሉ በ29.97 ሲቆጥሩ ሙዚቃና ምስል አይገናኙም።

የኤሌክትሪክ ኃይላቸው በሰከንድ 50 ዑደት በሚሄድባቸው አገሮች፣ የእኛም አገር ጭምር፣ ቴሌቪዥን የተመሠረተው በሰከንድ 25 ፍሬም ላይ ስለሆነ ይህ ችግር የለም። ነገር ግን በ24 የተቀረፀ ፊልም በ25 ሲታይ ከመቶ አራት እጅ ያህል ይፈጥናል፤ ካልታረመም የሙዚቃው ቃና የግማሽ ድምፅ ሁለት ሦስተኛ ያህል ከፍ ይላል። ለጆሮ ጥንቁቅ ለሆነ ሙዚቀኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሙዚቃ ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ

በጥር 1983 በካሊፎርኒያ በተደረገ የሙዚቃ መሣሪያዎች ትርዒት ላይ የሁለት ተፎካካሪ ኩባንያዎች፣ የሲኩዌንሻል ሰርኪትስና የሮላንድ፣ ኪቦርዶች በአንድ ገመድ ተገናኝተው ሲነጋገሩ ታዩ። ሚዲ የተባለው ይህ ቋንቋ በዴቭ ስሚዝና በኢኩታሮ ካኬሃሺ ግንባር ቀደም ጥረት፣ በአሜሪካና በጃፓን ኩባንያዎች ስምምነት የተፈጠረ ነው። በሰከንድ 31,250 ቢት የሚያስተላልፍ ቀላል መንገድ ቢሆንም ለማንም ክፍት ስለነበር ዓለምን አዳረሰ። በ1987 የሲምፕቲን የጊዜ ቁጥር በሚዲ ገመድ የሚያስተላልፍ ደንብ ተጨመረበት። በዚህ ደንብ አንድ ፍሬም አራት መልእክት ይላካል፤ ሙሉው ጊዜ በስምንት መልእክት፣ ማለትም በሁለት ፍሬም ውስጥ ይደርሳል።

በእነዚያ ዓመታት የአንድ የፊልም ሙዚቃ ደራሲ ክፍል ምን ይመስል እንደነበር ማስታወስ ይጠቅማል። ምስሉ ዩማቲክ በተባለው ካሴት ላይ ነው፤ ከካሴቱ የድምፅ መስመሮች አንዱ የጊዜ ቁጥሩን ይዟል። የቪዲዮ ማሽኑ ሲሄድ ቁጥሩ ወደ ማናበቢያ መሣሪያ፣ ከዚያም ወደ ኮምፒዩተሩ ይተላለፋል፤ እንደ አታሪ ኤስቲ ባለ ኮምፒዩተር ላይ ያለው የሙዚቃ ፕሮግራም ቁጥሩን እየሰማ ይከተላል። ደራሲው አንድን ቦታ ደግሞ ለማየት ሲፈልግ ካሴቱ እስኪጠቀለል፣ ማሽኑም ፍጥነቱን እስኪያረጋጋ መጠበቅ አለበት። ምስሉ መሪ፣ ሙዚቃው ተከታይ ነበር።

በዚህ ላይ አንድ ሊታወስ የሚገባው ነገር አለ። ዲጂታል ድምፅ ሲጀመር ያን ያህል ብዙ ቁጥር ሊይዝ የሚችል ርካሽ ዕቃ የቪዲዮ ቴፕ ነበርና፣ የድምፁ ናሙናዎች በቴሌቪዥን ምስል መስመሮች ላይ ይጻፉ ነበር። በአንድ መስመር 3 ናሙና፣ በ245 መስመር፣ በሰከንድ 60 ጊዜ ሲጻፍ 44,100 ይሆናል፤ በ50 ዑደት አገሮችም 3 ናሙና በ294 መስመር በ50 ጊዜ ያው 44,100 ነው። በ1982 የወጣው ኮምፓክት ዲስክ የተጠቀመበት የናሙና ቁጥር የተገኘው ከዚህ ነው። ቀድሞ ድምፅ የምስልን ፍጥነት ወስኖ ነበር፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ ምስል የድምፅን ቁጥር ወሰነ።

ማኅደሩና በውስጡ ያለው መጽሐፍ

አፕል ኩባንያ በታኅሣሥ 1991 ኩዊክታይም የተባለውን ሥርዓት አወጣ። በተለየ የምስል መሣሪያ ሳይሆን በተራ የማኪንቶሽ ኮምፒዩተር ላይ ተንቀሳቃሽ ምስል ማሳየት ቻለ። መጀመሪያ የታየው ምስል 160 በ120 ነጥብ የሆነ፣ የቴምብር ያህል ትንሽ ነበር። በዚህ ጊዜ ግን ከምስሉ መጠን ይልቅ ታላቅ የነበረው ሐሳቡ ነው። ፋይሉ ምስሉን፣ ድምፁንና ጽሑፉን በየመስመሩ ለይቶ ይይዛል፤ እያንዳንዱ ነገር መቼ እንደሚታይ ወይም እንደሚሰማ የሚናገር የጊዜ ሠንጠረዥም አለው። በሚቀጥለው ዓመት ለዊንዶውስም ተዘጋጀ። የሙዚቃ ፕሮግራም ሠሪዎች ይህን ሲያዩ የምስሉን ሥራ ለኩዊክታይም ትተው በሙዚቃው ላይ ማተኮርን መረጡ። ካሴቱ ቀረ፤ መጠበቁም ቀረ።

ከዚህ ጋር የመሪነቱ ቦታ ተገለበጠ። በሙዚቃ ፕሮግራም ውስጥ መሪው የድምፅ ካርዱ ሰዓት ነው፤ ድምፅ ለአንድ አፍታ ቢቋረጥ ጆሮ ወዲያው ያውቀዋልና። ምስል ግን አንድ ፍሬም ቢዘል ዓይን ሊያልፈው ይችላል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ1998 ባወጣው ምክር መሠረት ተመልካች መለያየቱን ማስተዋል የሚጀምረው ድምፅ ከምስል 45 ሚሊሰከንድ ሲቀድም ወይም 125 ሚሊሰከንድ ሲዘገይ ነው። መብረቅን አይተን ነጎድጓዱን ቆይተን መስማት የለመድን ስለሆንን፣ የዘገየ ድምፅ የቀደመውን ያህል አይከብደንም። በሰከንድ 25 ፍሬም ሲሆን አንድ ፍሬም 40 ሚሊሰከንድ ነው፤ ስለዚህ ያለው ነፃነት ጠባብ ነው።

በተራ ማጫወቻ የሚሄድ ፋይል በሙዚቃ ፕሮግራም እምቢ የሚልበት ምክንያት እዚህ ላይ ይገለጣል። ተራ ማጫወቻ ፋይሉን ከመጀመሪያው ወደ መጨረሻው በራሱ ሰዓት ያነባል። የሙዚቃ ደራሲ ግን አራት መስፈሪያ ደጋግሞ ያዞራል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ወደ መካከል ይዘላል፤ ምስሉም በድምፁ ሰዓት የተጠየቀውን ፍሬም ወዲያው ማቅረብ አለበት። በ48,000 ናሙና ሲሠራ በ25 ፍሬም ለአንድ ፍሬም 1920 ናሙና፣ በ24 ደግሞ 2000 ናሙና ይደርሳል። በ29.97 ግን 1601.6 ናሙና ስለሚሆን ሁለቱ በሙሉ ቁጥር የሚገናኙት በየአምስት ፍሬሙ ብቻ ነው።

የምስሉም ብዛት ሌላ ሸክም ነው። 720 በ576 ነጥብ የሆነ ምስል፣ ለአንድ ነጥብ ሁለት ባይት ተመድቦለት፣ በሰከንድ 25 ፍሬም ሲታይ 20,736,000 ባይት ይፈልጋል። ባለ ሁለት መስመር ድምፅ በ16 ቢትና በ48,000 ናሙና የሚፈልገው 192,000 ባይት ነው። ምስሉ ከድምፁ 108 እጥፍ ይበልጣል፤ ስለዚህ መጨመቅ አለበት። ምስሉን የሚጨምቀውና መልሶ የሚፈታው ዘዴ ኮዴክ ይባላል።

ብዙ ሰዎች ፋይሉንና ኮዴኩን አንድ ያደርጓቸዋል። ነገሩን በቤተ ክህነት ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል፤ ፋይሉ ማኅደር ነው፣ ኮዴኩ ግን በማኅደሩ ውስጥ ያለው መጽሐፍ የተጻፈበት ቋንቋ ነው። ማኅደሩን በውጭ አይቶ ያወቀ ሁሉ በውስጡ ያለውን ያነባል ማለት አይደለም። ፕሮግራሙ ፋይሉን ተቀብሎ ድምፁን አሰምቶ ምስሉን ጥቁር ሲያደርገው፣ ማኅደሩን ከፍቶ ከሁለቱ መጻሕፍት አንዱን ማንበብ አቅቶታል ማለት ነው።

ኮዴኮችም በጠባያቸው በሁለት ይከፈላሉ። ሞሽን ጄፔግ፣ በ2004 የወጣው ዲኤንኤክስኤችዲና በ2007 የወጣው ፕሮሬስ እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው ይጨምቃሉ። በ2003 የጸደቀው ኤች.264 በተለመደው አሠራሩ ደግሞ አንድ ሙሉ ፍሬም ከጻፈ በኋላ ለሚቀጥሉት የተለወጠውን ብቻ ይጽፋል። ይህ እንደ ንብረት ክፍል መዝገብ ነው፤ ሙሉ ቆጠራ አንድ ጊዜ ይደረግና ከዚያ በኋላ ገቢና ወጪ ብቻ ይመዘገባል። በአንድ የተወሰነ ቀን የነበረውን ንብረት ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከመጨረሻው ቆጠራ ተነሥቶ መደመርና መቀነስ አለበት። አንዳንዱ ፍሬም እንዲያውም ከእርሱ በኋላ ከሚመጣው ፍሬም ጭምር የሚሰላ ነው። ይህ ዘዴ ለማስተላለፍና ለማስቀመጥ እጅግ ቆጣቢ ሲሆን፣ ወደ ኋላና ወደ ፊት ለሚዘል ሰው ግን አድካሚ ነው። ፕሮግራሙ ለሙዚቃው ያስቀመጠውን የኮምፒዩተር ኃይል ይሻማል።

በስልክ የሚቀረፀው ቪዲዮ ደግሞ ሌላ ጣጣ አምጥቷል። ፋይሉ ለእያንዳንዱ ፍሬም የየራሱን ቆይታ መስጠት ስለሚችል፣ ብዙ ስልኮች እንደ ብርሃኑና እንደ ሥራው ጫና ፍጥነታቸውን ይለዋውጣሉ። በእጅ ይዞር የነበረው ማሽን መዋዠቅ ከመቶ ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ። ፍሬምን በእኩል ርቀት የሚቆጥር የሙዚቃ ፕሮግራም እንዲህ ያለውን ፋይል ሲቀበል፣ የደቂቃዎች መለያየት የሚጀምረው ከዚያ ነው።

የ2016 ትምህርት

የኩዊክታይም የፋይል አሠራር ራሱ ወደ ሕዝብ ደረጃነት ተሸጋግሯል፤ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በ1998 ለኤምፔግ-4 ፋይል መነሻ እንዲሆን መርጦታል። ፋይሉን የሚያነበው የአፕል ፕሮግራም ግን የኩባንያው ብቻ ሆኖ ቀረ። በዊንዶውስ የሚሠሩ አያሌ የሙዚቃ ፕሮግራሞች ምስል ለማሳየት በእርሱ ተደግፈው ነበር።

በሚያዝያ 2016 ትሬንድ ማይክሮ የተባለው የኮምፒዩተር ደኅንነት ኩባንያ በዊንዶውሱ ኩዊክታይም ላይ ሁለት የደኅንነት ቀዳዳዎች መገኘታቸውን፣ አፕልም እንደማያርማቸው አስታወቀ። በአሜሪካ መንግሥት ሥር ያለው የኮምፒዩተር አደጋ መከላከያ ክፍልም ተጠቃሚዎች ፕሮግራሙን ከኮምፒዩተራቸው እንዲያነሡ መከረ። የሙዚቃ ደራሲው በሁለት ክፉ ምርጫዎች መካከል ወደቀ። ምክሩን ቢከተል በእጁ ያለው ፊልም ከሙዚቃው ፕሮግራም ውስጥ ይጠፋል፤ ባይከተል ኮምፒዩተሩን፣ በውስጡም ያለውን የደንበኞቹን ያልወጣ ሥራ ለአደጋ ያጋልጣል። በሙዚቃ ፕሮግራሙ ላይ የተለወጠ አንድም ነገር ሳይኖር፣ ሌላ ቦታ በተደረገ ውሳኔ ሥራው ቆመ። የኩቤዝና የኑኤንዶ ሠሪ የሆነው ስታይንበርግ በ2017 ኩዊክታይምን የማይፈልግ የራሱን የቪዲዮ ክፍል አወጣ። በመጀመሪያ የቀረበው ክፍል የሚያነባቸው ኮዴኮች ከቀድሞው ያነሱ ስለነበሩ ብዙዎች ፋይሎቻቸውን እንደገና ለመለወጥ ተገደዱ።

በማኪንቶሽም በኩል ጥቅምት 2019 የወጣው ካታሊና የተባለው ሥርዓት ባለ 32 ቢት ፕሮግራሞችን ሲያስወግድ የቀድሞው ኩዊክታይም አብሮ ሄደ። በ1990ዎቹ እጅግ የተለመዱት ሲኔፓክና ሶረንሰን የተባሉት ኮዴኮች በዚያ ሥርዓት በቀጥታ መታየታቸው ቀረ። በእነርሱ የተቀመጠ የቆየ ሥራ ያለው ሰው አስቀድሞ ካልለወጠው፣ ማኅደሩ በእጁ እያለ መጽሐፉ የማይነበብበት ሆነ።

በዚህ ጊዜ ለብዙዎች መሸሸጊያ የሆነው በነፃ የሚሰራጭ ሥራ ነው። ፋብሪስ ቤላር የተባለው ፈረንሳዊ በ2000 የጀመረው ኤፍኤፍኤምፔግ፣ እንዲሁም ከአንድ የፓሪስ የምሕንድስና ትምህርት ቤት የተማሪዎች ፕሮጀክት ተነሥቶ በ2001 በነፃ ፈቃድ የወጣው ቪኤልሲ፣ የተረሱትንም ኮዴኮች ጭምር ያነባሉ። ሪፐር ለቪዲዮ በእነዚሁ ይረዳል። አርዶር የተባለው ነፃ የሙዚቃ ፕሮግራም ደግሞ ምስሉን ሌላ ራሱን የቻለ ፕሮግራም እንዲያሳይ አድርጎ፣ ከሙዚቃው የጊዜውን ቁጥር ብቻ ይልክለታል። ይህ የ1980ዎቹን የቪዲዮ ማሽንና የማናበቢያ መሣሪያ አሠራር በሶፍትዌር መልሶ ማምጣት ነው። ምስሉ ቢበላሽ ሙዚቃው አይቆምም።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ተግባራዊ ምክር አጭር ነው። ለሙዚቃ ደራሲ የሚላክ ቪዲዮ የማይለዋወጥ የፍሬም ፍጥነት ሊኖረው ይገባል፤ ፍጥነቱም 24፣ 25 ወይም 29.97 መሆኑ በጽሑፍ አብሮ ይነገር። ድምፁ በ48,000 ናሙና ይሁን። ኮዴኩ እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው የሚጽፍ ቢሆን ይመረጣል። የጊዜው ቁጥር በምስሉ ላይ ታትሞ ይታይ። ትዕይንቱ ከመጀመሩ ሁለት ሰከንድ አስቀድሞም የአንድ ፍሬም ርዝመት ያለው አጭር ጩኸት ይግባ። ይህች ጩኸት በቫይታፎን ሸክላ ላይ የነበረችው ቀስት ልጅ ናት፤ ከዘጠና ዓመት በላይ ቆይታም ሥራዋ አልቀረም። የጊዜው ቁጥርና ጩኸቷ ባሉበት ፋይል ላይ፣ የትኛውም ፕሮግራም ቢለወጥ፣ ምስልና ድምፅን መልሶ ማገጣጠም ይቻላል።

ለእኛ ለመሐንዲሶች ደግሞ ሌላ ቁም ነገር አለው። ቫይታፎን፣ ዩማቲክ፣ አታሪ ሁሉም አልፈዋል። በሰከንድ 24 ፍሬም፣ የሲምፕቲ ቁጥርና ሚዲ ግን ዛሬም በሥራ ላይ ናቸው። ያለፉት የኩባንያ ዕቃዎች ሲሆኑ የቀሩት ባለሙያዎች ተሰብስበው የተስማሙባቸውና ለማንም ክፍት ያደረጓቸው ደንቦች ናቸው። ደረጃ የማውጣት ሥራ አሰልቺና ምስጋና የሌለው ስብሰባ መስሎ የሚታያቸው ባልደረቦች አይጠፉም፤ ዳሩ ግን ስብሰባው ሳይደረግ ሲቀር ዋጋውን የሚከፍለው በሥራው መካከል ምስሉ የጠፋበት ሰው ነው። ስለዚህ አንድ መሣሪያ ወይም ፕሮግራም ለመሥሪያ ቤታችን ስንመርጥ ዛሬ የሚሠራውን ብቻ ሳይሆን በማን ላይ እንደተደገፈ፣ ያ ድጋፍ ቢነሣም ሥራችን በምን እንደሚነበብ አስቀድመን ብንጠይቅ፣ መልሱንም በጽሑፍ ብናስቀምጥ፣ ከእኛ በኋላ ለሚመጡት ባልደረቦች ብዙ ድካም እናቃልላለን።